ወጣት ራኒንግ ባክ ለመሸጥ ካልኩሌተር ይበቃል? «ኪፕ ትሬድ ከት»ን ፈትሼዋለሁ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጥና ልገላገል። ኪፕ ትሬድ ከት ለአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ የተጫዋች ዋጋ የሚያወጣ ድረ ገጽ፣ ካልኩሌተር ነው። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የተጫዋች ዋጋ ለማወቅ እስካሁን ከሱ የተሻለ አላገኘሁም። ወጣቱን ራኒንግ ባክ፣ ማለትም ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ልጅ፣ ልሽጠው ወይስ ላቆየው ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የለውም። አለው ብለው የሚያምኑት ናቸው በየዓመቱ ኦገስት ላይ የሚሸወዱት።

መጀመሪያ ለማያውቁት። አገር ቤት ፋንታሲ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያስበው የፕሪሚየር ሊጉን ነው። እዛ ሃላንድን ከፈለጋችሁ በጀታችሁ ይብቃ እንጂ ማንንም አትለምኑም፤ እናንተም እኔም ጎረቤታችሁም እኩል ሃላንድ ይኖረናል። የአሜሪካ ፉትቦል ፋንታሲ እንደዛ አይደለም። በአንድ ሊግ ውስጥ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የፈለገው ሰው ባለቤቱን ማናገር፣ ማባበል፣ ካስፈለገም መጨቃጨቅ አለበት። ዳይነስቲ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ይብሳል። ተጫዋቹ ለዘንድሮ ብቻ ሳይሆን እስክትሸጡት ወይም ጫማውን እስኪሰቅል የናንተ ነው። በየዓመቱ አዲስ የሚመረጡት ከኮሌጅ የወጡት ልጆች ብቻ ናቸው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት የድራፍት፣ ማለትም የምርጫው፣ ተራ ራሱ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ገና ኮሌጅ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ልጅ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እኩለ ሌሊት ላይ ሲከራከሩ ካያችሁ የዳይነስቲ ሰዎች ናቸው።

የኛ ሊግ 12 ሰው ነው። አብዛኛው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ፣ ዳላስም ሚኒያፖሊስም ያለ አለ። ነጥቡ የተለመደው ነው፦ 10 ያርድ ሩጫ 1 ነጥብ፣ ታችዳውን (ኳሱን የመጨረሻው መስመር ማሻገር) 6፣ ለተቀበለው ኳስ ሁሉ 1።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ኪፕ ትሬድ ከትን ስትከፍቱ ሦስት ተጫዋቾች ፊታችሁ ይደረደራሉ። አንዱን አቆያለሁ፣ አንዱን እለውጣለሁ፣ አንዱን እጥላለሁ ብላችሁ ትመርጣላችሁ። በቃ። የዚህ ሁሉ ሰው ምርጫ ተደምሮ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቁጥር ይወጣለታል፤ ጣሪያው 9,999 ነው። ከጀርባው ባለሙያ የለም፣ ሕዝብ ነው ያለው። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ሕዝብ ገበያውን ያውቃል፤ ነገ ከሊጋችሁ ልጅ ጋር ስትደራደሩ እሱም ይህንኑ ቁጥር አይቶ ነው የሚመጣው። ግን ደግሞ ያ ሕዝብ ትሬዱን (ልውውጡን) ለማየት እየቸኮለ አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ በአንድ አውራ ጣት የመረጠ ሕዝብ ነው። ከሱ ብዙ ጥናት አትጠብቁ።

ወጣት ደግሞ ይወዳል። በጣም። 22 ዓመት የሆነው ራኒንግ ባክ አንድ ጥሩ ዓመት ካሳየ ዋጋው ጣሪያ ይነካል፤ ምክንያቱም መራጩ የሚያስበው ልጁ ዘንድሮ ስንት ነጥብ ያመጣል ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ስንት ያወጣል ነው። ሁሉም ለመሸጥ ነው የሚያቆየው። ራኒንግ ባክ ላይ ይህ ስሌት አደገኛ ነው። በየእሁዱ 15፣ 20 ጊዜ መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች የሚወድቁበት ሥራ ነው። ቶድ ገርሊ 2017 የዓመቱ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ነበር፣ 2018 ትልቅ ኮንትራት ፈረመ፣ ማርች 2020 ቡድኑ ራምስ አሰናበተው። ከዛ አንድ ዓመት አትላንታ ተጫውቶ ቀረ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ዋይድ ሪሲቨር፣ ማለትም የሚወረወር ኳስ ተቀባዩ፣ በዚያ ዕድሜው ገና እየጣፈጠ ነው።

ያለፈውን ዓመት ጉዳዬን ላምጣ፤ ካልኩሌተሩን በደንብ የፈተንኩት በሱ ነው። ኦገስት 2025። በእጄ ያለው ቡኪ ኢርቪንግ ነው፣ የታምፓ ቤይ። 2024 ፕሮፌሽናል ቡድኖቹ ከኮሌጅ በሚመርጡበት ድራፍት በአራተኛው ዙር በ125ኛነት የተመረጠ ልጅ ነው፤ የሚኒሶታ ሰዎች መጀመሪያ እነሱ ኮሌጅ እንደነበር ሳይነግሩህ አያልፉም። ዓመቱን የጀመረው ከሌላው የታምፓ ራኒንግ ባክ ከራሻድ ዋይት ኋላ ነው። ሲጨርስ 1,122 ያርድ ሮጦ፣ 8 ታችዳውን አስቆጥሮ፣ 47 ኳስ ተቀብሎ ነው። በኛ አቆጣጠር ከ240 ነጥብ በላይ ማለት ነው። ካልኩሌተሩ ታዲያ ልጁን እንደ ወርቅ ነው የሚያየው።

ሊጋችንን በምንጫወትበት መተግበሪያ፣ ስሊፐር ላይ፣ ከሊጋችን አንድ ልጅ መልእክት መጣ። «ወንድሜ ቡኪን ስጠኝ፣ ዜይ ፍላወርስንና ሰከንድ ራውንድ ውሰድ።» ሰከንድ ራውንድ ያለው የሁለተኛውን ዙር የድራፍት ተራውን ነው። ፍላወርስ የባልቲሞር ዋይድ ሪሲቨር ነው፣ 2023 በአንደኛው ዙር የተመረጠ፣ 2024 ላይ 1,059 ያርድ ያመጣ። ካልኩሌተሩ ውስጥ አስገባሁት። ተቀራራቢ ነው አለ፣ ግን ትንሽ ወደሱ ያደላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አንድ ትልቅ ተጫዋች በሁለት መካከለኛ ሲለወጥ ካልኩሌተሩ ዝም ብሎ አይደምርም። ትልቁን ለሚሰጠው ወገን ተጨማሪ ቁጥር ይጨምርለታል። ልክ ነው፤ ሁለት መካከለኛ ሰው ሁለት ቦታ ይይዛል፣ የምታሰልፉት ደግሞ የተወሰነ ሰው ነው። ይህን ማስተካከያ የማያዩ ሰዎች ናቸው «ሦስት እሰጥሃለሁ አንድ ስጠኝ» እያሉ ሊጉን የሚያሰለቹት። እኔ ለዚህች ማስተካከያ ብቻ ድረ ገጹን አመሰግነዋለሁ። ከዚህ ሌላ የኳርተርባኩን፣ ማለትም የኳስ ወርዋሪውን፣ ምርጫ ማስተካከል አትርሱ። ሊጋችሁ ሁለት ኳርተርባክ የሚያሰልፍ፣ ማለትም ሱፐርፍሌክስ ከሆነና ገጹ አንድ ኳርተርባክ ላይ ከቀረ የምታዩት ቁጥር ሁሉ የሌላ ሰው ሊግ ነው።

ትልቁ ክፍተት የድራፍት ተራው ላይ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት ፈርስት ራውንድ ስታስገቡ መጀመሪያ ላይ ነው፣ መሃል ነው ወይስ መጨረሻ ብላችሁ ራሳችሁ ነው የምትመርጡት። መልእክቱን የላከልኝን ልጅ ቡድን አየሁ። ኳርተርባኩ አርጅቷል፣ ዋይድ ሪሲቨሮቹ ፍላወርስ ሲወጣ ባዶ ናቸው። ይህ ቡድን ከታች ነው የሚጨርሰው፤ ከታች የጨረሰ ቀድሞ ስለሚመርጥ ተራው ከፊት ነው የሚመጣው። እሱ ግን ቡኪን ይዞ ዋንጫ አነሳለሁ ብሎ ስለሚያስብ ተራውን መጨረሻ ላይ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሁለታችንም አንድ ካልኩሌተር ከፍተን ሁለት ዋጋ ነው የምናየው። ትርፍ የሚገኘው እንዲህ ያለ ቦታ ነው፤ ቁጥሩ ውስጥ ሳይሆን ሁለታችን ቁጥሩን በምናነብበት ልዩነት ውስጥ።

ሌላ ካልኩሌተሩ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የታምፓን ማጥቃት 2024 ላይ ያስተካከለው ሊያም ኮን ነበር። ጃንዋሪ 2025 ጃክሰንቪል ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። የሩጫውን መንገድ ያበጀለት ሰው ሄደ፣ የልጁ ዋጋ ግን ኦገስት ላይ ዓይኔ እያየ አልወረደም። ሕዝቡ ያለፈውን ዓመት ነጥብ ነው የሚያየው። በአራተኛ ዙር የተመረጠ መሆኑም ብዙ አላስጨነቀውም። እኔን ግን ያስጨንቀኛል። ቡድን አንደኛ ዙር ያወጣበትን ልጅ ቢደክምም ይታገሰዋል፤ በአራተኛ ዙር ያገኘውን ለመተካት ግን ማንንም አያስፈቅድም።

ቢጃን ሮቢንሰንን አስታውሱ። አትላንታ 2023 በ8ኛነት መረጠው፣ የመጀመሪያ ዓመቱ 976 ያርድ ነበር። ሰው ከዚያ በላይ ስለጠበቀ ተበሳጨ። አንድ ሳምንት ራሱን አሞት ነበር ተብሎ አንዴ ብቻ ኳስ ይዞ ሲወጣ የተሳደበው ሰው ብዛት! ያኔ በንዴት የሸጡት ሰዎች 2024 ላይ 1,456 ያርድና 14 ታችዳውን ሲሮጥ ከሌላ ሰው ቡድን ነው ያዩት። አሰልጣኙ ተቀየረ፣ ልጁ ያው ልጅ ነው። እሱን መሸጥ አልነበረባቸውም፤ ቡድኑ ያወጣበት ዋጋ ራሱ ዋስትና ነበር።

በተቃራኒው ደግሞ ጃቮንቴ ዊልያምስ አለ። ዴንቨር፣ 2021። እሱና የቡድኑ ሌላ ራኒንግ ባክ ሜልቪን ጎርደን ያን ዓመት እኩል 203 ጊዜ ነው ኳስ የያዙት፤ ቀልድ አይደለም፣ ሁለቱም 203። ከዛ ሁሉም ሰው ጎርደን ይሄዳል፣ ሜዳው የጃቮንቴ ይሆናል ብሎ ዋጋውን ሰቀለው። ኤፕሪል 2022 ጎርደን ተመልሶ ፈረመ። ኦክቶበር 2022 የጃቮንቴ ጉልበት ተበጠሰ። ኪፕ ትሬድ ከት ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ዋጋ በጊዜ ሲሄድ የሚያሳይ መስመር አለ፤ የሱን ከፍታችሁ እዩት፣ ቁልቁለቱ ያስደነግጣል። ልጁ ዳላስ ሄዶ 2025 ላይ ከ1,000 ያርድ በላይ ሮጠ፣ ጎበዝ፣ ደስ ብሎኛል። ግን 2022 ላይ ይዞት የቀረ ሰው ሦስት ዓመት ጠብቋል፤ ብዙዎቹ ደግሞ አልጠበቁም፣ በርካሽ ጣሉት። ይህ መስመር በኔ ግምት የድረ ገጹ ምርጥ ክፍል ነው። ቁጥሩን ትታችሁ መስመሩን እዩ። ልጁ ምንም ሳይጫወት፣ ከፌብሩዋሪ እስከ ኦገስት ዋጋው ከወጣ የወጣው በወሬ ነው።

ለማመሳከር ፋንታሲ ካልክ የሚባለውን ሌላ ካልኩሌተር ተጠቀምኩ። እሱም ነፃ ነው። ልዩነቱ ሰው ምን ይላል ሳይሆን ሰው ምን አደረገ ብሎ መነሳቱ ነው፤ እውነተኛ ሊጎች ውስጥ የተደረጉ ትሬዶችን ሰብስቦ ነው ዋጋ የሚያወጣው። ለኔ ይህ ይመረጣል። አፍ ሌላ፣ እጅ ሌላ ነው። በቡኪ ጉዳይ ሁለቱ ብዙም አልተለያዩም። ሲለያዩ ግን፣ ለምሳሌ ሰው በወሬ የሚወደው ነገር ግን በትሬድ የማይከፍልበት ልጅ ሲኖር፣ እዛ ላይ ቆም በሉ። ወይ ርካሽ ግዢ አለ ወይ ወጥመድ። ፋንታሲ ካልክ አጠቃቀሙ ትንሽ ደረቅ ነው፣ ኪፕ ትሬድ ከት ደግሞ ሱስ ያስይዛል። እሁድ ከቅዳሴ መልስ የአንድ ሰዓቱ ጨዋታ እስኪጀምር ሰው ስልኩ ላይ ሦስት ሦስት ልጅ እየደረደረ ነው የሚጠብቀው።

የሚከፈልበትንም ሞክሬያለሁ። ስሙን አልጠራም። የዓመት ክፍያ፣ «የባለሙያ» የሽጡና የግዙ ዝርዝር፣ በሳምንት አንድ ኢሜይል። በአንድ ወር ውስጥ ቡኪን አንዴ ሽጡ አንዴ ግዙ የሚል ዝርዝር ውስጥ አገኘሁት፣ ጸሐፊዎቹ ሁለት ስለሆኑ ነው አሉኝ። እሺ። ዓመቱ ሲሞላ ሳይጠይቁኝ ካርዴን ዳግም ቆረጡት። መሰረዣውን ፍለጋ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ከዛ ሌላ ገጽ፣ ከዛ «እርግጠኛ ነህ?»፣ ከዛ «ግማሽ ዋጋ ብንሰጥህስ?»። ገንዘቡ አልተመለሰም። ያ ብር ለሊጉ መግቢያ ቢሆን ይሻል ነበር።

ወደ ድርድሩ እንመለስ። መልሼ ጻፍኩለት፦ ሰከንዱን ተወው፣ የ2026 ፈርስትህን ስጠኝ፣ ከዜይ ጋር። ወዲያው የካልኩሌተሩን ፎቶ ላከልኝ። ቀይ ነው። «አንተ ሰውዬ ልታርደኝ ነው እንዴ?» እሱ ፎቶ ከላከ ድርድሩ በካልኩሌተር ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ በካልኩሌተር መለስኩለት። ከቡኪ ጋር የራሴን ሰከንድ ራውንድ ጨመርኩ። የኔ ፈርስት ተራ ውድ ስለሆነ አልነካሁትም፣ ሰከንዱ ግን ቁጥሩን አረንጓዴ ለማድረግ በቂ ነው። ቁጥሩ ተስተካከለ፣ እሱም ደስ አለው፣ ትሬዱ አለቀ። ይህ ነው ካልኩሌተሩ በጣም የሚጠቅምበት ቦታ። ሰው ቁጥሩ እኩል ሲሆን ልቡ ይረጋል። እናንተ በሌላ ምክንያት የምትፈልጉትን ትሬድ እሱ በቁጥር ምክንያት እንዲቀበለው ያደርጋል።

የኔ ምክንያት ምን ነበር? ቡድኔ። ያን ዓመት የማሸንፍ አልነበርኩም፣ በሚቀጥለውም እጠራጠር ነበር። የምርጥ ራኒንግ ባክ ምርጥ ዓመታት ሁለት ሦስት ናቸው፤ እነዛን ዓመታት እኔ ስምንተኛ ሆኜ ብጨርስባቸው ቡኪ ያመጣልኝ ነጥብ ለማን ይሆናል? ደላላ ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ይነግራችኋል እንጂ ለልጆቻችሁ ስንት መኝታ ክፍል እንደሚያስፈልግ አይነግራችሁም። ካልኩሌተሩም እንደዛው ነው። እኔ ዘንድሮ ዋንጫ የምፈልግ ብሆን ኖሮ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ልጅ፣ ያው ዋጋ፣ አልሸጠውም ነበር። ቡድናቸው ደርሶ አንድ ራኒንግ ባክ ብቻ የጎደላቸው ሰዎች ወጣቱን በሁለት «ተስፋ» ሲለውጡት ሳይ ያናድደኛል። ዋንጫ በተስፋ አይነሳም።

ከዚያ የሆነውን ታውቃላችሁ። ቡኪ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ከፊላደልፊያ ጋር ሲጫወት ተጎዳ፣ እግርም ትከሻም ነው ተባለ፣ ለብዙ ሳምንት ጠፋ። ፍላወርስ ከ1,000 ያርድ በላይ አመጣ። ሊጉ ውስጥ ነቢይ ነህ ያሉኝ አሉ። ነቢይነት አይደለም። ጉዳቱን ማንም አያውቅም፣ ዕድል ነው፤ ጤነኛ ሆኖ 1,400 ቢሮጥም ትሬዱ ለኔ ቡድን ልክ ነበር። ይህን የምለው ደግሞ ለሌላው ወገንም ነው፣ ምክንያቱም ቡኪን የወሰደው ልጅ በጉዳቱ ምክንያት ሞኝ ተብሏል። ሞኝ የሆነው በጉዳቱ አይደለም። የራሱን ፈርስት ተራ መጨረሻ ላይ አድርጎ በማሰቡ ነው።

አሁን ያው ቡኪ ረክሷል፣ እኔ ደግሞ ቡድኔ ትንሽ ቆሟል፣ ስለዚህ መስመሩን እንደገና እያየሁ ነው። ዕድሜው ገና ነው። ሳኮን ባርክሊንም ኒውዮርክ ለቆት 27 ዓመቱ ላይ ለፊላደልፊያ 2,005 ያርድ ሮጧል፣ ዴሪክ ሄንሪ በ30 ዓመቱ 1,921። አለቀለት ሲባል የገዛቸው ሰው በርካሽ ነው የገዛው። ሁሉም እነሱን አይሆንም፣ ግን ካልኩሌተሩ ዕድሜን እንዲህ ሲቀጣ ለገዢ ይመቻል።

እንግዲህ ማን ይጠቀምበት? ዳይነስቲ አዲስ የገባችሁ፣ የማንንም ዋጋ የማታውቁ፣ ወዲያውኑ ክፈቱት፣ ቢያንስ ማንም አያታልላችሁም። ለአንድ ዓመት ሊግ የምትጫወቱ ግን የዳይነስቲው ዋጋ አይጠቅማችሁም፤ ያ ቁጥር የሦስት ዓመት ተስፋ አብሮ ይዟል፣ እናንተ የምትፈልጉት እሁድን ነው። ከፍዬ ልጠቀም የምትሉ፣ እኔ ከነፃዎቹ የሚበልጥ አላየሁም። ስሊፐር ላይ ትሬድ መላኩ፣ ተራ መለዋወጡ፣ መጨቃጨቁ ሁሉ አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ነፃ ነው፣ የኛን ሊግ በአማርኛ ስድብ ችሎ ዓመታት ቆይቷል።

አንድ የሰዓት ምክር ጨምሬ ልሂድ። የወጣት ራኒንግ ባክ ትሬድ ጠረጴዛ ላይ ካላችሁ ከፕሮፌሽናል ቡድኖቹ የኤፕሪል ድራፍት በፊት ወይ ዝጉት ወይ ተዉት።  የተጫዋቻችሁ ቡድን ሁለተኛ ዙር ላይ ሌላ ራኒንግ ባክ ከጠራ ከሊጋችሁ ልጅ የተላከው ኦፈር ወዲያው ይነሳል፣ ስልካችሁን አንስታችሁ «ተቀበል» የምትለዋን እስክትነኩ አይጠብቃችሁም።